ችግኝ ካለን አሮጌው ደን ለምን?

የአንባብያን ጥያቄ

በዚህ አምድ የሚመልሱልን በጨርጨር ተራሮች 29 ዓመት በደን ባለሙያነት የሠሩና አሁን በጡረታ ድሬዳዋ፣ ከዚራ የሚኖሩ አባት ናቸው። ከደረሱን ደብዳቤዎች አምስቱን መርጠዋል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ሳቢያን ነው የምኖረው፤ መምህር ነኝ። ክረምት በመጣ ቁጥር ከተማሪዎቼ ጋር ችግኝ እንተክላለን። በቀደም ሂርና አጎቴ ጋ ሄጄ ስለ ደን ወሬ ተነሣ። «ያ የላይኛው ደን አርጅቷል። ግማሹ ዛፍ ውስጡ ባዶ ነው፤ ግማሹ ወድቆ ይበሰብሳል። ተቆርጦ ቢሸጥና በቦታው ወጣት ዛፍ ቢተከል አይሻልም?» አለኝ። መልስ አጣሁ። እውነቱን ለመናገር እኔም ልክ መሰለኝ። እንዲህ ችግኝ በገፍ እየተከልን፣ አሮጌ ደን ከልሎ መጠበቅ ትርጉሙ ምንድን ነው?
(መምህሩ፣ ከሳቢያን)

መልስ፦ አቦ፣ አጎትህን ሰላም በልልኝ። እሱ ያለውን እኔም ብዬው አውቃለሁ። ያውም ደመወዝ እየተከፈለኝ።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንድ የደን ክልል ተሰጠኝ። ዝግባ፣ የሐበሻ ጥድ፣ ከሥሩ ወይራ፣ ገደል ገደሉን ጥቁር እንጨት ያለበት ደን ነው። ወጣት ነበርኩ። ንጹሕ ነገር ደግሞ እወዳለሁ። የወደቀው ግንድ ሁሉ ተጎትቶ እንዲወጣ፣ ቆሞ የደረቀው እንዲቆረጥ፣ ቁጥቋጦው እንዲመነጠር አዘዝኩ። ማገዶው ተሸጠ፤ አለቆቼም አመሰገኑኝ። ደኑን ከዳር ሆነህ ስታየው ወዲያኛው ጫፍ ድረስ ወለል ብሎ ይታይ ነበር። በጣም ኮራሁ።

በዓመቱ የደኑ ጠባቂ፣ የአገሩ ሽማግሌ ናቸው፣ አብረን ስንዞር ቆም አሉና በኦሮምኛ «ልጄ፣ ደንህ ዝም አላለብህም?» አሉኝ። ጆሮዬን ጣል አደረግኩ። እውነትም ዝም ብሏል። ግንደ ቆርቁሩ የለም። ያቺ የምትጮኸው አረንጓዴ በቀቀን የለችም። እኔ ቆሻሻ ብዬ ያስወጣሁት ቤታቸውን ነበር።

ይህን ትንሽ ላብራራው፤ የነገሩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። ግንደ ቆርቁር ጎጆውን የሚፈለፍለው በአብዛኛው ሞቶ በላላ ወይም ልቡ በበሰበሰ እንጨት ላይ ነው። በአገራችን የጥድና የወይራ ደን ውስጥ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ውጭ የትም የማይገኝ አንድ ዓይነት ግንደ ቆርቁር አለ። እሱ ፈልፍሎ ኖሮ ሲለቅ ሌላው ይገባል። ፈልፍሎ መሥራት የማይችል ብዙ ወፍ አለ፤ የተሠራ ቀዳዳ ፈልጎ የሚገባ። በቀቀኖቹ እንዲህ ናቸው። ከዚያ የሌሊት ወፍ፣ ከዚያ የዱር ንብ። አንድ ባዶ ግንድ ማለት እንደ መጋላ የኪራይ ቤት ነው፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው ዕቃውን ይዞ በር ላይ ቆሟል።

ትልቁ ተከራይ ደግሞ ያ ምንቃሩ እንደ ማጭድ የጎበጠ፣ ከምንቃሩ ላይ ቀንድ የመሰለ ነገር የተሸከመ ወፍ ነው። ድሬዳዋ ዙሪያ ባለው የግራር ዱር ውስጥም ትንንሽ ዘመዶቹ አሉ። ሴቷ እንቁላል ልትጥል ስትል ትልቅ የዛፍ ቀዳዳ ውስጥ ትገባለች። ከዚያ በሩ በጭቃ ይመረግባታል። የሚቀረው ጠባብ ስንጥቅ ብቻ ነው። ወንዱ ከደጅ ሆኖ ፍሬ ያቀብላታል። ሳምንታት በዚህ ሁኔታ ታሳልፋለች። አሁን አስበው፦ ያን የሚያህል ወፍ ከነጫጩቱ የሚይዝ ባዶ ቦታ በስንት ዓመት ዛፍ ውስጥ ይገኛል? የእኔና ያንተ ዕድሜ ተደምሮም ላይበቃ ይችላል። አጎትህ «ውስጡ ባዶ ነው» ብሎ የናቀው ዛፍ ይኼ ነው።

መሬት የወደቀውስ? አንድ ቀን በጥር ወር፣ ሣሩ ሁሉ ወርቅማ ሆኖ በደረቀበት ሰዓት፣ ከጽዳቴ ያመለጠ አንድ የዝግባ ግንድ አጠገብ ቁጭ አልኩ። ገደል ውስጥ ስለነበረ የሚጎትተው ጠፍቶ የቀረ ነው። ቆሞ በነበረበት ጊዜ አራት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ ካልሆነ የሚያቅፈው አይመስለኝም። ቢላዬን ሰካሁበት። እስከ እጀታው ገባ። አንድ ጉማጅ ገምሼ በእጄ ጨመቅሁት፤ ውኃ ጠብ ጠብ አለ። በጥር! አካባቢው ሁሉ አቧራ ሆኖ ሳለ። በውስጡ ነጭ ክር የመሰለ ፈንገስ ተሰራጭቷል። አውራ ጣቴን የሚያህል የጥንዚዛ እጭ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ከግንዱ ጀርባ ላይ፣ ምንጣፍ በመሰለው አረንጓዴ ላይ፣ ሰባት የዛፍ ቡቃያ ቆጠርኩ። ሁለት ሜትር ራቅ ብሎ በደረቀው መሬት ላይ አንድም የለም።

በእንጨት መበስበስ የሚኖረው ፍጥረት ብዛት ቀላል እንዳይመስልህ። ፊንላንዶች ይህን ቁጭ ብለው ቆጥረውታል። በደናቸው ውስጥ ካለው የሕይወት ዓይነት ከ4,000 እስከ 5,000 የሚሆነው፣ ማለትም ከአራት ወይም ከአምስት አንዱ፣ ያለ ሞተ እንጨት አይኖርም። እነሱም እንደኔ ደናቸውን ሲያጸዱ ብዙ ዘመን ኖረው፣ ዛሬ ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ ለመጥፋት የተቃረቡ ሆነውባቸዋል። ስለዚህ ብቻዬን አልተሳሳትኩም እያልኩ እጽናናለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄህ። «ቆርጠን ብንተክልስ?» አልክ። የደን ሳይንቲስቱ ፕሮፌሰር ደመል ተከታይ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ከሠሯቸው ጥናቶች አንዱ እዚሁ በእኛው ሐረርጌ፣ በጋራ አዴስ ደን የተካሄደ ነው። ከመናገሻም ጋር አነጻጽረውታል። አፈሩን እየቆፈሩ ውስጡ ያለውን ዘር አበቀሉት። የወጣው በአብዛኛው ሣርና አረም ነው። ትልልቆቹ ዛፎች አፈር ውስጥ ያስቀመጡት ዘር ከቁጥር የሚገባ አልነበረም። ነገሩ ሲፈታ፣ ዝግባና ወይራ ባንክ የላቸውም፤ በእጃቸው ያለውን ብቻ ነው የሚበሉት። እናት ዛፉ ከተቆረጠ ዝናብ ቢዘንብ፣ መሬቱ ቢታጠር፣ ደኑ ከመሬት ውስጥ ብድግ ብሎ አይመለስም። ዘሩ ከሌላ ደን በወፍና በጦጣ ሆድ ተጭኖ መምጣት አለበት። ሌላው ደን ከሌለ ደግሞ ማን ከየት ያመጣዋል?

ሌላም አለ። ዝግባ ወንድና ሴት አለው። የሐበሻ ጥድም፣ ኮሶም እንደዚሁ። እርሻ መሀል ብቻውን ቆሞ የቀረ ግዙፍ ዝግባ አይተህ «እሰይ፣ ይኼስ ተረፈ» ብለህ ይሆናል። ወንድ ከሆነ አንዲት ፍሬ አያፈራም። ሴት ከሆነችና በአካባቢው ወንድ ከሌለ ልጅ የላትም። መቶ ዓመት ቆመው ሊኖሩ ይችላሉ፤ ግን ዘራቸው አልቋል። ይህን ካወቅሁ ወዲህ በመኪና ሳልፍ እንዲህ ያለ ዛፍ ሳይ ሆዴ ይባባል።

እንዳትሳሳትብኝ፤ ችግኝ መትከልን አልጠላም። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአረንጓዴ አሻራ ስትተክሉ እኔም በዚህ ጉልበቴ ወጥቼ ተክያለሁ። የተራቆተ ተዳፋት ላይ ትከሉ፣ መንገድ ዳር ትከሉ፣ ማገዶ እንዲሆን ትከሉ። ግን በመስመር የቆመ ባሕር ዛፍና የፈረንጅ ጥድ ሰልፍ የያዘ ወታደር ነው፤ ዕድሜው እኩል፣ ቁመቱ እኩል፣ ሥሩ ባዶ። እንጨት ይሰጥሃል። ከላይ የነገርኩህን ጎረቤት ሁሉ አይሰጥህም። አረንጓዴ የሆነ ሁሉ ደን ቢሆንማ ኖሮ ከከተማችን ወጣ ብሎ አገሩን የወረሰው ፕሮሶፒስ ትልቁ ደናችን ነበር። እሱም እኮ ለበጎ ተብሎ የገባ ዛፍ ነው፤ ዛሬ ግጦሹን አጥፍቶ አርብቶ አደሩን አስለቅሶታል።

ለአጎትህ እንዲህ በለው፦ ሊተክል የሚፈልገውን ችግኝ ዘር የሚለቅሙት ከዚያው ከላይኛው ደን ነው።

ጥያቄ፦ በሐረር አካባቢ ባለች አንዲት ገጠር ቤተ ክርስቲያን የሰበካ ጉባኤ አባል ነኝ። በቅጽሩ ውስጥ ትልቅ ወይራ በነፋስ ወደቀ። ግማሾቻችን ተፈልጦ ለጸበል ቤቱ ማገዶ ይሁን እንላለን። አንድ ወጣት ዲያቆን ግን «አይነካ» አለ። ማን ልክ ነው?

መልስ፦ ዲያቆኑ። ግን እናንተም ማገዶ ያስፈልጋችኋል፤ ስለዚህ ቅርንጫፉን ውሰዱና ዋናውን ግንድ ተዉት። ጥላ ቦታ ከሆነ በጣም ጥሩ። መተላለፊያ ላይ ከወደቀ ገለል አድርጉት እንጂ ከቅጽሩ አታውጡት።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። በሰሜኑ ደጋ፣ በተለይ በደቡብ ጎንደር፣ የጥንቱ ደን በሰፊው ተርፎ የሚገኘው በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውስጥ ነው። ከአውሮፕላን ሲታይ ቡናማ እርሻ መሀል የተረጨ አረንጓዴ ነጠብጣብ ይመስላል። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ይህን ለዓመታት አጥንተዋል። ከአሜሪካዊቷ የደን ተመራማሪ ማርጋሬት ሎውማን ጋር ሆነው ካህናቱን አማክረው በደኖቹ ዙሪያ የድንጋይ ካብ እንዲሠራ አደረጉ። ከብት አልገባ ሲል ቡቃያው ቀና አለ። ድንጋዩ ከገበሬው ማሳ የተለቀመ ስለሆነ ለእርሻውም ጠቀመ። ዘዴው ይኼው ነው፤ ካብ ብቻ።

የእናንተ ቅጽር ትንሽ ቢሆንም ነገሩ አንድ ነው። ፍየል ታስገባላችሁ? ካስገባችሁ ዛሬውኑ አቁሙ። በሐረር ዙሪያ በየአውሊያው ቦታ የቆሙት አሮጌ ዋርካና ሾላዎችም የኖሩት ሰው ስላከበራቸው ነው። ያ ክብር ከማንኛውም ደንብና ማስጠንቀቂያ ሰሌዳ የጠነከረ ሆኖ አይቼዋለሁ። ባቢሌን ተመልከቱ፦ ለዝሆኖቹ ተብሎ ከተከለለ ከ50 ዓመት በላይ ሆነው፤ ወሰኑ ካርታ ላይ አለ፣ ሰፈራውና እርሻው ግን ውስጡ ገብቷል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔ ሐረር ቡና ነጋዴ ነኝ። ስለ ደን ስታወራ እሰማሃለሁ። ወላሂ አልገባኝም፤ ከእኔ ሥራ ጋር ምን አገናኘው? የእኛ ቡና ማሳ ላይ ነው የሚበቅለው።

መልስ፦ እንዴት አይገናኝም! አንድ የቡና ዘር መለያ ቁጥር ልጠይቅሽ። 74110 ሲባል ሰምተሻል? 74112ስ? አሁን አሁን የፈረንጅ ቡና ከረጢት ላይ ሳይቀር ይጻፋል። 74 ማለት ዛፉ የተመረጠበት ዓመት ነው፣ 1974 እ.ኤ.አ.።

በ1971 እ.ኤ.አ. የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን ገባ። አረንጓዴውን ፍሬ አጥቁሮ እዛው ዛፉ ላይ የሚያደርቅ ፈንገስ ነው። ገበሬው ቅርጫቱን ይዞ ሊለቅም ሲወጣ የከሰለ ፍሬ ያገኛል። የጅማ ተመራማሪዎች ምን አደረጉ? ወደ ደቡብ ምዕራብ ደኖች ሄዱ። በሽታው ሁሉን ሲያጠቃ ያልተነካ ዛፍ አለ ወይ ብለው ጫካ ለጫካ ፈለጉ። አለ። 74110 የተገኘው ከኢሉባቦር ነው። እነዚያን እናት ዛፎች አባዝተው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለገበሬው አደሉ።

አስቢው እስቲ። ያ ደን ከዚያ በፊት በ10 ዓመት ተመንጥሮ ቢሆን ኖሮ መድኃኒቱ ማገዶ ሆኖ ነበር የሚቀረው። የቡና ዘር ሀብት ሁሉ ያለው እዛ ነው፤ ደን ውስጥ፣ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር። ከፋና ያዩ በ2010፣ ሸካ በ2012 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ሆነው ተመዝግበዋል። ሐረር ቡና የራሱ ጣዕምና የራሱ ዘር አለው፤ በዚያ አልከራከርሽም። ቀጣዩ በሽታ ግን ሐረርንም አይፈራም። በነገራችን ላይ ከእኛ ማሳ ቡናውን ነቅሎ እየጣለ ያለው ፈንገስ ሳይሆን ጫት ነው። ግን እዚህ ውስጥ ከገባሁ በርጫ ላይ ያላችሁ ሁሉ ትጣሉኛላችሁ።

ጥያቄ፦ በግንቦት ቀይ የሚሆነው «የድሬዳዋ ዛፍ» ከእኛ አገር የተገኘ ነው አይደል? ከጓደኛዬ ጋር ተወራርደናል።

መልስ፦ ተበልተሃል። አገሩ ማዳጋስካር ነው። በደሴቲቱ ምዕራብና ሰሜን ባለው ደረቅ ደን ውስጥ በተፈጥሮ ይበቅላል። ውበቱን አይተው ሰዎች በዓለም ሙቅ ከተሞች ሁሉ ተከሉት፤ ለእኛም ደረሰን፤ ከዚራን አለበሰልን፤ ስሙንም ሰጠነው። የማዳጋስካር ደን ግን ክፉኛ ተመናምኗል። በረንዳዬ ላይ ቁጭ ብዬ ሆጃዬን እየጠጣሁ ይህን ዛፍ ሳየው፣ አንድ ሰው አገሩን ጥሎ ተሰዶ በሰው አገር ስም ያወጣ ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ ገንደ ቆሬ ተወልጄ ያደግኩ የ22 ዓመት ልጅ ነኝ። ከግራርና ከፕሮሶፒስ በስተቀር ደን የሚባል ነገር በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነው ያለኝ። የት ልሂድ?

መልስ፦ ከደብዳቤዎቹ ሁሉ ደስ ያለኝ ያንተ ነው።

ቅዳሜ በጠዋት ሚኒባስ ያዝ። ደንገጎን ስትወጣ በመስኮት ወደ ኋላ ተመልከት። ያ የተራቆተ ተዳፋት የደቻቱ ወንዝ ራስጌ ነው። አንተ ሕፃን ነበርክ፤ ሐምሌ 29 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ጎርፉ ከዚያ ነው የመጣብን። ከ250 በላይ ሰው ወሰደ። ዝናቡ ከባድ ነበር፤ ደን ቢኖር ኖሮ ምንም አይደርስም ነበር ብዬ አልዋሽህም። ግን ያ ከላይ ለመምህሩ የነገርኩት፣ በጥር ወር ጨምቄው ውኃ የሰጠኝ ግንድ ትዝ ይበልህ። እንዲህ ያለ ግንድ፣ ቅጠልና ላላ ያለ አፈር ያለው ጋራ ውኃውን ይዞ ቀስ እያለ ይለቀዋል። ራቁቱን የቀረ ድንጋይ ግን የተቀበለውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ቁልቁል ይለቅብሃል።

ከዚያ ቁልቢን፣ ጨለንቆን፣ ሂርናን አልፈህ ጭሮ ትገባለህ፤ እኛ ሽማግሌዎቹ አሰበ ተፈሪ የምንለው። ከጭሮ ወደ ደቡብ ኩኒ አለ። ኩኒ ሙክታር የደጋ አጋዘን መጠለያ ነው። የደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም፤ እሱም ከስምጥ ሸለቆ በስተምሥራቅ ባሉት ደጋዎች ብቻ። ሳይንስ እንኳ ያወቀው ዘግይቶ ነው፤ ስም የወጣለት በ1910 እ.ኤ.አ.። ቀን ቀን ደኑ ውስጥ ይደበቃል፤ ደኑ ሲሳሳ እሱም ይሳሳል። ኩኒም እንደ ድሮው አይደለም፤ እርሻው ገፍቶታል፤ ስለዚህ ተረት ጫካ አትጠብቅ። አጋዘን የማየት ዕድልህም ጠባብ ነው። ዝግባውንና ጥዱን ግን አይተህ ትመለሳለህ።

የወረዳውን ጽሕፈት ቤት አስቀድመህ አስፈቅድ፤ ከአካባቢው ጠባቂ ጋር እንጂ ብቻህን አትግባ። ለጠባቂው ስኳርና ሻይ ቅጠል ይዘህ ሂድ፤ ከገንዘብ ይበልጥ ይወዱታል። ጃኬት ያዝ። እኛ የድሬ ልጆች ብርድ ምን እንደሆነ የምናውቀው እዛ ስንደርስ ነው። እሑድ ጎህ ሲቀድ ግባ፤ ስልክህን ዝጋ፤ መጀመሪያ አንድ ግማሽ ሰዓት ዝም ብለህ ቁጭ በል። ግንደ ቆርቁሩን በዓይንህ ከማየትህ በፊት በጆሮህ ነው የምታገኘው።

ከዚያ የወደቀ ግንድ ፈልግ። ቅርፊቱን ቀስ ብለህ ገልጠህ ከሥሩ ያለውን እይ፤ ያየኸውን ጻፍልኝ። መልሰህ መክደን ደግሞ እንዳትረሳ።